አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ውስጥ በሥነ ልቦና ምክርና በአእምሮ ጤና ሙያ የምንሠራ ሰዎች ነን። በጋዜጣችሁ ስለ መረዳዳት ተደጋግሞ ይጻፋል፤ መልካም ነው። የሚረዳው ሰው ራሱ ሳይወድቅ እንዴት ሊዘልቅ እንደሚችል ግን ሲነሣ እምብዛም አናይም። ይህን የጻፍነው ስለዚህ ነው። ረዘም ይላል፤ ከምታሳጥሩት ለሁለት ብትከፍሉት እንመርጣለን፤ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነውና።

ከመርዓዊ፣ ከዱርቤቴ፣ ከአዴት ወይም ከሐሙሲት አንድ ታማሚ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲላክ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ያላት አንዲት ዘመድ ስልኳ ይጮኻል። «እታለም፣ መናኸሪያ ደርሰናል።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቷ ማረፊያ ይሆናል፤ እሷም አስታማሚ፣ ካርድ አውጪ፣ መድኃኒት ፈላጊ፣ ጠያቂ ተቀባይ ትሆናለች። ማታ ጋቢዋን ተከናንባ አልጋው ሥር ትጋደማለች። ሲነጋ እንጀራ ልትጋግር ወደ ቤት ትሮጣለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። በሁለተኛው ሳምንት በትንሽ በትልቁ ልጇ ላይ ትጮኻለች። በሦስተኛው ታማሚው ባቃሰተ ቁጥር ትናደዳለች፤ ወዲያው ደግሞ «ምነው እንዲህ ሆንኩ?» ብላ ታለቅሳለች። «ልቤ ደነዘዘ» ትላለች። ጎረቤትም ራሷም ክፋት ይመስላቸዋል። ድካም ነው። በሙያችን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ «የርኅራኄ ዝለት» እየተባለ ይጠናል፤ የሚይዘውም ሆደ ቡቡ የሆኑትን፣ ለሰው ሟች የሚባሉትን ነው።

የሌላውን ሕመም የምንጋራበት ትልቁ ቃላችን «ነግ በኔ» ነው። ዛሬ እሱ፣ ነገ እኔ። ይህ ቃል ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ለቅሶ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ተፈናቃይ ያለበት መጠለያ ድረስ ያደርሳል፤ ያለ እሱ እድርም ደቦም አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው ከደረስን በኋላ ነው። ልጇ ከሞተባት ሴት አጠገብ ተቀምጠን «ይህ የኔ ልጅ ቢሆንስ?» እያልን ስናስብ፣ ዓይናችን ከእሷ ተነሥቶ ወደ ራሳችን ልጅ ይዞራል። ልብ ይመታል፣ ደረት ይጠብቃል፣ እግር መውጫ መውጫውን ይላል። በዚያች ሰዓት የያዘን የራሳችን ፍርሃት ነው፤ ለእሷ የሚተርፍ አቅም የለንም። ግማሹ ሰው ያኔ ሮጦ ይወጣል፤ ግማሹ ደግሞ ከሐዘንተኛዋ በላይ አልቅሶ እሷው እንድታባብለው ያደርጋታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ባትሰንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለይተው አሳይተዋል። ወላጆቿን ስላጣች አንዲት ወጣት የሚናገር የራዲዮ ቃለ ምልልስ ለተማሪዎች አሰሙ። አንዱ ቡድን «እሷ ምን እየተሰማት ነው?» እያለ እንዲያዳምጥ፣ ሌላው «እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን ይሰማኛል?» እያለ እንዲያዳምጥ ተነገረው። ሁለቱም አዘኑላት። ራሱን በእሷ ቦታ ያስቀመጠው ቡድን ግን ከአዘኔታው ሌላ የራሱ ጭንቀት ተደረበበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ኦልጋ ክሊሜኪ፣ ታንያ ሲንገርና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች የሌላውን ስቃይ አብረው እንዲሰማቸው ብቻ ሲሠለጥኑ ስሜታቸው እየከፋ ሄደ፤ ቀጥሎ ለሚሠቃየው ሰው በጎ መመኘትንና መራራትን ሲለማመዱ መጥፎው ስሜት ቀነሰ፣ በጎውም ተመለሰ፤ በአንጎላቸው ውስጥ የሚነቃቃው ክፍልም ሌላ ሆነ። ወደ አማርኛችን ስናመጣው፣ «ነግ በኔ» ብለህ ግባ፤ ከገባህ በኋላ «አሁን በእሷ» በል።

ለቅሶ ቤት ላይ ይህ እንዴት ይደረጋል? ስትቀመጡ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይርገጡ፤ ጀርባችሁ ግድግዳ ወይም መደገፊያ ያግኝ። ደረት ሲጠብቅ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። በደቂቃ 6 ያህል ትንፋሽ ይሆናል፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው እንዲረዝም የምንለው የልብ ምትን የሚያረጋጋው እሱ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ተንፍስ» ሲባል በኃይል ይስባል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላል። ሰውነት ትንሽ ሲረጋጋ ወደ እሷ ተመልከቱ። ከንፈሯ ደርቋል? ትናንሾቹ ልጆች ቀምሰዋል? ስልኩ ሳያቋርጥ እየጠራ ነው? አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ሠርታችሁ ጨርሱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይገልጸዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። አብሮ መፍረስ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ከአፍ የሚወጣው ደግሞ አጭር ይሁን። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ»፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲከብድ የምንናገራቸው ሁለት ነገሮች ይጎዳሉ። አንዱ «የኔም እናት ልክ እንዲሁ ነበረች» ብሎ የራስን ሐዘን መዘርጋት ነው። ሁለተኛው «እንዴት ነው ግን የሞተው?» ነው። ጥያቄው ለጠያቂው አንድ ጊዜ ነው፤ ለሐዘንተኛዋ ግን ሃምሳኛዋ ሊሆን ይችላል፤ በመለሰች ቁጥር ያቺን ሰዓት እንደ አዲስ ታያታለች። የሆነውን ለጠያቂ የሚናገር አንድ ጽኑ ዘመድ በር አካባቢ ይመደብ። ቀላል ነገር ነው፤ እፎይታው ግን ትልቅ ነው።

ለሰው የምንሰጠው ጊዜና አቅም ወሰን ይኑረው ስንል፣ «ወሰን ማበጀት የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ እኛ ዘንድ ራስ ወዳድነት ይባላል» የሚሉን አሉ። በአክብሮት እንቃወማለን። በአገራችን መርዶ ሊነግር አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ማለዳ ይደርሳል፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ብቻውን እንዳይሆን ነው። ለሐዘን ቀን ተቆጥሮለታል፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። በእስልምናም ለሞተ ዘመድ ሐዘን ሦስት ቀን ነው፤ ባሏ ለሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ ይቀመሳል፤ ከመቃብሩ ወደ ቤት የመመለሻ ምልክት ነው። እድርም ለሁሉም እኩል መዋጮ ቆርጦ፣ ድንኳኑን መትከልና ወንበሩን ማምጣት በተራ ያደርገዋል፤ ተራውን የጨረሰ ሰው «ለምን ተጨማሪ አልሠራህም?» አይባልም። ይህ ሁሉ ወሰን ነው። ገበሬ ወሰን የሚጋራውን ሰው ወሰንተኛዬ ይለዋል፤ ደቦ የሚጠራውም እሱን ነው። ለሐዘን ይህን ያህል ልክ ያበጀ ሕዝብ ለማስታመም፣ ለእንግዳና ለስልክ ልክ አላበጀም፤ እኛ የምንለው የጎደለውን እንሙላ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ማስታመሙ ስለሆነ እሱ ላይ እንቆይ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሎሚውን ግን ማንም አይቆጥረውም። እንቁጠረው። ታማሚው 10 ቀን ቢተኛና ቀኑ በሁለት ቢከፈል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ ከማታ እስከ ጠዋት፣ 20 ተራ ይሆናል። ለአንዲት ሴት 20 ተራ ማለት አልጋ ሥር መኖር ማለት ነው። አራት ሰው ሲከፋፈለው ለእያንዳንዱ 5 ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ ሌሊቱ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሌሊቶቹን አታከታትሉ፤ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው በማግሥቱ ቤቱ ይተኛ። ስብሰባው በመጀመሪያው ቀን መሆን አለበት። ከሳምንት በኋላ ከሆነ «እሷ ለምዳዋለች፣ እሷ ትችላለች» የሚል ውሳኔ ሳይነገር ጸድቆ ይቆያል፤ በተለይ ያላገባችው እኅት ወይም የበኩር ልጅ ላይ።

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙና ከታማሚው ራስጌ ይቀመጥ። ገጹን በአራት ክፈሉት፤ ሰዓት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ ሐኪሙ ያለው፣ የወጣ ገንዘብ። ርክክቡ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪው ያነብባል፣ ገቢው ይጠይቃል፣ ከሥር የሁለቱም ስም ይጻፋል። ከዚያ ወጪው ይሂድ። ብዙ ተራ የሚበላሸው በዚህች ሰዓት ነው። «ትንሽ ልቆይ» ይላል፣ ሁለቱም ያድራሉ፣ በማግሥቱ ሁለቱም ደክመው የሚተካ ይጠፋል። ሐኪሞችን የሚያነጋግር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አምስት ዘመድ አምስት ጊዜ ሲጠይቅ አምስት ዓይነት መልስ ተሸክሞ ይመለስና ጠብ ይነሣል። «እንዴት አደረ?» ለሚሉ ስልኮች መልስ የሚሰጥ ሌላ ሰው ይኑር፤ አልጋው አጠገብ ያለው ሰው ስልክ ይዘጋ።

ወንዶች ገንዘብ አዋጥተው ማደሩን ለሴት መተው ልማድ ሆኗል። በሴቶች ክፍል ሌሊት ወንድ ማደር ባይችል እንኳ መድኃኒት ቤት መሰለፍ፣ ምግብ ማመላለስ፣ የአስታማሚዋን ልጆች ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ቀኑን መቀመጥ አለ። እነዚህም በደብተሩ ላይ እንደ ተራ ይቆጠሩ። ያልተቆጠረ ሥራ ሁልጊዜ የሴት ይሆናል።

አሁን ወደ ይሉኝታ። ይሉኝታ ከአእምሮ ይፈጥናል፤ ሳናስበው «እሺ» ብሎ መልሶ ይጨርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ጊዜ መግዛት ነው፦ «ነገ አራት ሰዓት ላይ ደውዬ እነግርሃለሁ።» ከዚያም በተባለው ሰዓት መደወል ግድ ነው፤ ካልተደወለ ሽሽት ይሆናል። ሁለተኛው፣ የማይቻለውን ከመዘርዘር የሚቻለውን በቀንና በሰዓት መናገር። ለምሳሌ እንግድነት የመጣ አጎት እንዲህ ቢባል ክብሩም አይነካ፣ ነገሩም አይድበሰበስ፦ «ጋሼ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ዛሬና ነገ እኛ ቤት ያድራሉ። ከነገ ወዲያ ማረፊያዎ ወንድሜ ቤት ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ እየጠበቀዎት ነው።» መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የተሰጠው ነገር፣ ከዚያ ቀኑ፣ መጨረሻ የሚቀጥለው ቦታ። ሰበብ የለበትም። ሰበብ መደራደሪያ ይሆናል፤ «ልጄ አሞት ነው» ስትሉ ሰውየው ስለ ልጁ መፍትሔ ይዞ ይመጣል፤ ሰበቡ ውሸት ከሆነ ደግሞ በማግሥቱ ገበያ ላይ ስትገናኙ ይሉኝታው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። በወሩ መጀመሪያ ለችግረኛ የሚሆነውን ለዩ፤ ደመወዙ 10 ሺህ ብር የሆነ ሰው 500 ብር ቢመድብ፣ ሲያልቅ «የዚህ ወሩ አልቋል» ለማለት እውነት ይዟል። እንደማይመለስ እያወቁ «ብድር» ብሎ መስጠት ግን ሁለት ነገር ያሳጣል፤ ገንዘቡንም፣ ወዳጁንም።

ስለ ስልክ ባጭሩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሰው ሐዘን አትክፈቱ፤ በዚያ ሰዓት የምትረዱበት መንገድ የለም፣ እንቅልፋችሁ ግን ይሄዳል። በቴሌግራም የሚዘዋወር የአስከሬን ምስል ለማንም አይጠቅምም፤ አትክፈቱ፣ አታስተላልፉ። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል በየቤቱ ያስገባው ሐዘን ሳያንስ በየሰዓቱ ከኪስ የሚወጣ ሐዘን መጨመር አያሻም። ለወዳጅ የሚከብድ ነገር ማውራት ስትፈልጉም አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «የሚከብድ ነገር ላወራሽ ነው፤ አሁን ይመችሻል?»

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ታንኳው ውኃ እንደሚጠጣ ያውቃል። ሥራው ሲያበቃ ጎትቶ ዳር ያወጣዋል፣ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል። ያልደረቀ ደንገል በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል፤ ሰውም፣ ጭነትም መሸከም ይሳነዋል። ከሆስፒታል ወይም ከለቅሶ የሚመለስ ሰው ማድረቂያ ሰዓት ያስፈልገዋል። 20 ደቂቃ በእግር መሄድ፣ ሐይቁ ዳር ይሁን በሰፈር መንገድ፣ ስልክ ሳይነኩ። ቤት ሲገቡ ልብስ መቀየር፣ ፊትና እጅ መታጠብ። የሚጸልይ ሰው የታማሚውን ስም በጸሎቱ አስረክቦ ይተኛ። ይህን «ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው ነው ቀድሞ የሚወድቀው።

አንድ ነገር ግን እንዲስተካከል እንፈልጋለን። በማኅበራዊ ሚዲያ «መርዛማ ሰዎችን ከሕይወትህ አስወጣ» የሚል ምክር በዝቷል። ጡረታ የሌላት አክስት፣ ሱስ የያዘው ወንድም፣ ሲመሽ የምታማርር አሮጊት ጎረቤት መርዝ አይደሉም። ከዘመድ በቀር መጠጊያ በሌለበት አገር ሰውን ቆርጦ መጣል ወሰን ማበጀት አይባልም። ወሰን ማለት በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት እየሄዱ ለዓመታት መዝለቅ ነው። የሚደበድብ፣ የሚያስፈራራ ሰው ሲሆን ግን ጉዳዩ የልክ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ከእሱ መራቅና ለሕግ ማመልከት ይገባል።

ወሰን የማይሠራበት ሌላም ሰዓት አለ። አንድ ሰው «መሞት ይሻለኛል» ካለ፣ መሰነባበት ከጀመረ፣ መድኃኒት ወይም ገመድ ካዘጋጀ፣ «ነገ እደውልልሃለሁ» አይባልም። ብቻውን አይተው፤ የሚጎዳበት ነገር ከአጠገቡ ይነሣ፤ በግልጽ ይጠየቅ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። «ለማንም አትንገር» ቢልም ይህ ምስጢር አይጠበቅም፤ ሌላ ሰው ጨምራችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና አለ።

አስታማሚዋ ራሷም እንቅልፍ ካጣች፣ ደስ ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላት፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ምግብ ከሸተታት፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እዚያው በምታስታምምበት ግቢ ካርድ ታውጣ። ጸበል የምትጠመቅም ከሆነ ትጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን አታቋርጥ።

በመጨረሻ ለከተማችን የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። እድሮቻችን ለሞተ ይደርሳሉ፤ ብዙዎቹ ለታመመም ገንዘብ ይሰጣሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር በመተዳደሪያ ደንቡ ይጨመር። አንደኛ፣ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ከ3 ቀን በላይ ሆስፒታል ከተኛ፣ እድሩ በየሳምንቱ ሁለት ሌሊትና ሁለት ቀን አስታማሚ በተራ ይመድብ። ሁለተኛ፣ ተራውን መፈጸም ለቅሶ እንደ መድረስ ይቆጠር፤ መቅረትም ያንኑ ያህል ያስቀጣ። ተራ የማስያዙ ሥራ ለጸሐፊው ከመዋጮ መዝገቡ ጎን አንድ ገጽ ነው። ደንቡን ለማርቀቅና የርክክብ ደብተሩን አያያዝ ለማሳየት የሚጠራን እድር ካለ ያለ ክፍያ እንመጣለን፤ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመቸናል፤ ሌላ ቀን ለሚሰበሰቡም እንደሚስማማቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የምክር አገልግሎትና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች
ባሕር ዳር